ከቁማር ከተማ የመጡት አክስታችን

አክስታችን ስቶክሆልም የመጡት ለእናታችን ሙት ዓመት ነው። የእናታችን ታላቅ እህት ናቸው። በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ አብረው ወጥተው ሱዳን ላይ ተለያዩ፤ እናታችን ወደ ስዊድን፣ እሳቸው ወደ አሜሪካ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩት ላስ ቬጋስ ነው፤ በረሃ መካከል፣ ለቁማር ተብሎ በተሠራው ከተማ። እናታችን ስለ እህቷ ሥራ ሰው ሲጠይቃት «ሆቴል ነው የምትሠራው» ብላ ወሬ ትቀይር ነበር። እኔና ወንድሜ አንሶላ የሚቀይሩ፣ ክፍል የሚያጸዱ ሴት አድርገን ነበር የምናስባቸው።

ከመቃብር ተመልሰን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምሳ ስንበላ፣ አንዲት የእናታችን ወዳጅ አዘን ባለ ድምፅ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ ወገብ እንደሚጎዳ አነሱ። አክስታችን የጎረሱትን ውጠው፣ አፋቸውን በሶፍት ጠርገው መለሱ።

«አልጋ አንጥፌ አላውቅም። ካርታ ነው የማድለው። ሰው ያለውን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ተቀብዬው እሸኘዋለሁ።»

ሴትዮዋ አማተቡ። ሌሎቹ ሳህናቸውን አዩ። ከዚያ ቀን ወዲያ አክስታችንን ቤቱ የጠራቸው የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ አንስተው አያውቁም።

በዚያው ቀን ሌላም አንገት ያስደፋን ነገር ነበር። የእናታችን መቃብር ላይ በዓመቱ የቆመው ያው መጀመሪያ ዕለት የተተከለው የእንጨት መስቀል ነው። የሐውልቱን ነገር በኃላፊነት የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ የማኅበሩ ሰዎችም ያዋጡትን የሰጡት ለእሱ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ዘገየብኝ አለ። ካህኑ ከተሰበሰበው ሰው ፊት በእንጨቱ ላይ ጸበል ሲረጩ፣ ወንድሜ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ከኋላ ቆሞ ጫማውን ያያል። አክስታችን ግን እሱን ነበር የሚያዩት። በኋላ ቱነልባና በሚሉት የምድር ባቡር ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ወንድምሽ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጫወተው ብለው ጠየቁኝ። ኳስ የሚሉ መስሎኝ ድሮ ትቶታል አልኩ።

ያረፉት እኔ ጋ፣ ቬሊንግቢ የሚባል ሰፈር ነው። ለሁለት ሳምንት ብለው መጥተው የጎብኚ ፈቃዳቸውን አስረዝመው እስከ ሚያዝያ ቆዩ። እኔ አርክቴክት ነኝ፤ መሥሪያ ቤታችን ያረጁ ሴንትሩሞችን፣ የየሰፈሩን የገበያ አደባባዮች፣ ያድሳል። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ የእኛን ሴንትሩም አብረን እንዞር ነበር። አክስታችን ንጣፉ ላይ ያሉትን ክብ ክብ ድንጋዮች እየረገጡ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ የቤተ መጻሕፍቱን መስኮት፣ ባቡር መቼ እንደሚመጣ የሚናገረውን ሰሌዳ ያያሉ። ይህ ሰፈር ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ የእኛው ከተማ ግን ሰው ቤት እንዳለው እንዲረሳ ነው የተሠራው አሉኝ። ከሙያዬ የተነሣ ነገሩ ሳበኝና ስለ ከተማቸው እጠይቃቸው ጀመር።

ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም ነበር። መጀመሪያ ምንጭ ነበር ይላሉ፤ በረሃ ላይ ውሃ የሚወጣባት ትንሽ መስክ። ባቡር መጣና ማረፊያ ሆነች። ከዚያ ወንዝ የሚገድቡ ሠራተኞች በብዛት መጡ፤ ብቸኛ ወንድና ደመወዝ አንድ ላይ ሲገኙ ደግሞ መጠጡ፣ ሴቱ፣ ካርታው ተከትሎ ይመጣል። ግዛቱ ቁማርን በሕግ ፈቀደ። ቀጥሎ ወንበዴዎች በሰረቁት ገንዘብ ከከተማው ወሰን ወጣ ብለው፣ አውራ ጎዳናው ዳር ሆቴል መሥራት ጀመሩ። መኪና የሚነዳ ሰው ከሩቅ እንዲያየው ሕንፃውን ትተው ማስታወቂያውን አስረዘሙት። በኒዮን የሚንቦገቦግ ምሰሶ ከፊት፤ ከኋላው ጋጣ የመሰለ ቤት።

«ውስጡስ?» እላለሁ።

ውስጡን ሲነግሩኝ እጃቸው አብሮ ይሠራል። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ግድግዳ ላይ ሰዓት የማይሰቀልበት። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠፊ። ሽንት ቤት ለመሄድም፣ ምግብ ለመብላትም፣ ወደ መኝታህ ለመውጣትም በቁማር ማሽኖቹ መካከል ማለፍ ግድ ነው። በኋላ ሌላ ዓይነት ባለሀብት መጥቶ ሰው ሲጨንቀው ሳይሆን ሲደላው ነው የሚከስረው አለና ኮርኒሱን አንሥቶ ሰማይ ቀባበት። ደመና ያለው፣ የማይመሽ ሰማይ። ከዚያ ወዲያ ፒራሚዱም፣ የፈረንሳዩ ግንብም፣ ጀልባ የሚቀዘፍበት የጣሊያኑ ቦይም በየተራ በረሃው ላይ ተተከሉ። አክስታችን በዚያ በተቀባ ሰማይ ሥር ብዙ ዓመት ካርታ አድለዋል።

የከተማውን ጥቁሮች ነገር የሰሙት አብረዋቸው ከሚሠሩ አንዲት አሮጊት ነው። የሴትዮዋ እናት የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበሩ፤ ያጠቡት አንሶላ ላይ መተኛት ግን ለጥቁር አይፈቀድም ነበር። ጥቁሮች የሚኖሩት ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ፣ በምዕራብ በኩል፣ አቧራ ላይ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ አዳራሹን ሲያስጨፍር ያመሸው ጥቁር ዘፋኝ እንኳ ሲጨርስ በማድ ቤት በር ወጥቶ እዚያው ሄዶ ያድራል። አንዱ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ እግሩን ቢነክር ውሃው በሙሉ ተደፋ ይባላል። በዚያው ዘመን ከከተማው ወዲያ የአቶሚክ ቦምብ ሲሞከር፣ ሆቴሎቹ ሰገነት ላይ ወንበር ደርድረው፣ እንግዳ መጠጥ እየጠጣ ደመናውን እንዲያይ ያደርጉ ነበር። አክስታችን ይህን ሲነግሩኝ አልተናደዱም፤ አላዘኑምም። የአየር ሁኔታ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

አንድ ቀን በጣም የከፋው ነገር ምን ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ሽማግሌ መሞቱን ነገሩኝ። ካርታው እጁ ላይ እንዳለ ወደ ፊት ተደፋ። ጠባቂዎቹ መጡና ዙሪያውን በመጋረጃ ከለሉት። ከመጋረጃው ወዲህ የቀሩት ሁለት ሰዎች ግን አልተነሡም፤ አለቃቸውም ቀጥዪ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣቸው።

«ቀጠሉ?»

«አንደኛው አሥራ ስድስት ይዞ ካርታ ጨምሪልኝ ብሏል። ምን ላድርግ? ጨመርኩለት።»

መጀመሪያ የሠሩበት ሆቴል ሲፈርስም ቆመው አይተዋል። እዚያ ከተማ ሕንፃ አያረጅም፤ ሳያረጅ በፈንጂ ይደረመሳል። ርችት ተተኩሶ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ሰው እንደ ሠርግ ተሰብስቦ ያያል። ሠራተኞቹ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ሰገነት ላይ ቆመው ነበር። ሕንፃው ተንበርክኮ ሲወርድ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ከጎናቸው የቆመች የወጥ ቤት ሠራተኛ ስታለቅስ እሳቸውም አጨበጨቡ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ቆንጆ አወዳደቅ ወደቀ አሉኝ።

የወንድሜ ነገር የወጣው ኅዳር ላይ ነው። ወንድሜ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ቮርቢ ጎርድ የሚባል ሰፈር ይኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ብቻዋን እኔ ጋ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነገረችን፤ ስልኩ ላይ ቁማር ይጫወታል፤ አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ሲቆም፣ ሽንት ቤት ውስጥ፣ ልጆቹን ሲያስተኛ፤ የሐውልቱ ድንጋይ ጨርሶ አልታዘዘም። ቀና ብላ ሳታየን ነው የተናገረችው። ከዚያ ወደ አክስታችን ዞራ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ነገሩንም ያውቁታል፣ ይምከሩልኝ ብላ ለመነቻቸው። ካልሆነም የንስሐ አባቱን እንድናመጣ።

አክስታችን ምክር አልሰጥም አሉ። ቄስም አያስፈልግም።

«አጫውተዋለሁ» አሉ።

የሐውልቱን ድንጋይ ሰኞ ዕለት እኔና እሳቸው ሄደን አዘዝን፤ የገና በዓል ሳይደርስ ተተከለ። ወንድሜ ሲተከል አልመጣም።

ጨዋታው በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ወንድሜ ቤት ሆነ። አክስታችን አዲስ ካርታና አንድ ከረጢት ሽምብራ ይዘው ሄዱ። ሳሎኑ ውስጥ ያለውን የግድግዳ ሰዓት አወረዱ፤ መጋረጃውን ዘጉ፤ ወንድሜን ሶፋው ላይ ሳይሆን ትራስ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ለእያንዳንዱ ሰው በስኒ ሽምብራ ሰፈሩ። የሚጫወቱት ሃያ አንድ የሚባለውን፣ የካርታው ድምር ሃያ አንድን ሳያልፍ የቀረበ የሚያሸንፍበትን ነበር። ወንድሜ እንደ ቀልድ አየው። በመጀመሪያው እሑድ አሸነፈ፤ ስኒው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ልጆቹ ከበውት ሳቁ፤ ሚስቱም ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት። አክስታችን ካርታ ሲያድሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እጃቸው ብቻ ነው ሰው የሚመስለው። ከአፋቸው የምትወጣው ቃል አንዲት ነበረች፤ «በርታ» ይሉታል፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሁለተኛው እሑድ መሸነፍ ጀመረ። በሦስተኛው፣ ስኒው ባዶ ሆኖ ሊነሣ ሲል አክስታችን ሻይ ቀዱለትና ከልጆችህ ተበደር አሉት። ትልቋ ሰጠችው። ጨረሰው። ትንሿም ሰጠችው። እሱንም ጨረሰው። ላብ ጉንጩ ላይ ሲወርድ ይታየኛል፤ ለሽምብራ። ሽምብራ መሆኑን ረስቶት ነበር። ሊቀጥል ልጆቹን እንደገና ሲጠይቅ ትልቋ ስኒዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ ራሷን ነቀነቀች። ትንሿ በስዊድንኛ አንድ ነገር አለች። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ የሚመልሱት በስዊድንኛ ነው።

አክስታችን ካርታውን እየበወዙ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ልተረጉም አልፈለግሁም፤ ጨዋታ ነው አልኩ። ወንድሜ ራሱ ተረጎመው።

«አባባ ሁልጊዜ ይሸነፋል ነው ያለችው።»

«በርታ» አሉና አደሉለት።

ሚስቱ ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹን ጨዋታው ወዳለበት ክፍል አላስገባም አለች። አክስታችንን በር ላይ ስትሸኝ፣ እትዬ ይብቃ፣ ልጆቹ ፊት አዋረዱት አለቻቸው። እሳቸው ጓንታቸውን እያጠለቁ፣ ሰው የሚዋረደው ሲሸነፍ ሳይሆን ሲያሸንፍ ነው ብለዋት ወጡ። ያኔ አልገባኝም፤ ለእሷም አልገባትም። እኔም አክስቴን ላስቆማቸው ሞከርኩ። ቤታችን ስንገባ ይህ ሕክምና አይደለም፣ ጭካኔ ነው አልኳቸው። ታድያ እኔ ሐኪም ነኝ አልኩ እንዴ አሉኝና ወደ መኝታቸው ገቡ።

በየካቲት የትምህርት ዕረፍት የወንድሜ ሚስት ልጆቹን ፊንላንድ በሚሄደው መርከብ ልታዝናናቸው ከዓመት በፊት ቃል ገብታላቸው ነበር። ስቶክሆልም የኖረ ሰው ያን መርከብ ያውቀዋል፤ ቡፌ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ርካሽ መጠጥ፣ በማግሥቱ ተመልሶ ቤት። ወንድሜ ማሽን አልነካም ብሎ ማለላት። ስልኩ ላይ ያለውንም አጠፋሁ አላት። ሽምብራው ሠርቷል ብለን ተስፋ አደረግን። ሁላችንም ሄድን፤ አክስታችንም እኔም።

መርከቡ ውስጥ እንደገባን አክስታችን ምንጣፉን አይተው ሳቁ። እንደዚያ ከልባቸው ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ቀይና ወርቅማ ጠመዝማዛ ጌጥ ያለው፣ ዓይን የሚያደክም ምንጣፍ ነው። ቆም ብለው ኮርኒሱን አዩ፤ ዝቅ ያለ ነው። መስኮቱን ፈለጉ፤ የለም፤ ባሕሩና በረዶው ከግድግዳው ወዲያ ናቸው። ወደ ቡፌው የሚወስደው መንገድ በማሽኖች መካከል ያልፋል። «ቤቴ ነው ያመጣችሁኝ» አሉ። እኔ ሕንፃ ማንበብ ሥራዬ ነው፤ በዚያ መርከብ ስንት ጊዜ ስሄድ ግን አላየሁትም ነበር።

ወደ አመሻሹ ላይ ልጆቹ በትናንሽ ኳሶች የተሞላው መጫወቻ ገንዳ ውስጥ ሲጫወቱ ወንድሜ ውሃ ልግዛ ብሎ ሄደ። ሲዘገይ ሚስቱ ልጆቹን ትታ መሄድ ስላልቻለች እኔና አክስታችን ፍለጋ ወጣን። ሩቅ አልነበረም። ማሽኑ ይጮሃል፤ መብራቱ ይሽከረከራል፤ ቢራ የያዙ ሰዎች ከበውት ትከሻውን እየመቱ ያበረታቱታል። አሸንፎ ነበር፤ ብዙ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል። አክስታችንን ሲያይ ከወንበሩ ከፍ ብሎ ቆመ።

«እትዬ፣ ዛሬስ ምን ይላሉ?»

«በርታ» አሉት።

አጠገቡ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ማሽኑን ሳይሆን እሱን ያያሉ። ቢራ አዘዙለት። ገንዘቡን ይዞ ይነሣ፣ አሁን እንሂድ ብዬ ክንዱን ስይዝ፣ አክስታችን የእኔን ክንድ ያዙ። የቀጭን እጃቸው ጉልበት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ተይው አሉኝ። ተውኩት። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። ያሸነፈው አለቀ፤ ከዚያ የነበረው አለቀ፤ ከዚያ ለልጆቹ እራት የተያዘው አለቀ። አክስታችን አንዴም አልተንቀሳቀሱም፤ የሚጠብቁት ነገር ያላቸው ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ ወንድሜ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ዛሬን ብቻ ያበድሩኝ፣ ማሽኑ አሁን ሊሰጥ ነው፣ ሞቋል አላቸው።

አክስታችን ቦርሳቸውን ከፈቱና እፍኝ ሽምብራ መዳፉ ላይ አደረጉለት።

እጁን አልመለሰም። እንደዚያው ዘርግቶት ቆየ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፤ ድምፅ አውጥቶ፣ አፉን ሳይሸፍን። አንድ ሁለት ፍሬ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። የሚያልፉ ሰዎች አይተው እንዳላዩ አለፉ። ቀና ስል ሚስቱ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዛ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ትንሿ የወደቀውን ሽምብራ ልታነሣ ስትጎነበስ እናቷ ጎትታ አስቆመቻት።

ሚስቱ ለባሏ አንድም ቃል አልተናገረችም። የተናገረችው ለአክስታችን ነው።

«ሲያሸንፍ ነበሩ። ማስነሣት ይችሉ ነበር። እኔ ምከሩልኝ አልኩ እንጂ ግደሉልኝ አላልኩም።»

አክስታችን ቦርሳቸውን ዘጉ።

በማግሥቱ ጧት መርከቡ በረዶውን እየሰበረ ሲመለስ እኔና አክስታችን ብቻችንን ቁርስ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን። እዚያ መስኮት አለ። ምንም ሳልጠይቃቸው ስለ ባላቸው ነገሩኝ። ባል እንደነበራቸው አናውቅም ነበር፤ እናታችን እንኳ አልነገረችንም። ታክሲ ነጂ ነበር፣ የአዲስ አበባ ልጅ። እሱም ይጫወት ነበር። ካርታ አዳይ ዘመዱን ማጫወት ሕጉ ስለማይፈቅድ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ትይዩ ካለው ላይ ይቀመጣል፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው። ሙሉ ፈረቃቸውን የእሱን ጀርባ እያዩ ለሌላ ሰው ያድላሉ። ትከሻው ሲወርድ መሸነፉን ያውቃሉ። ለምነውታል፤ ለእሱ ስለት ተስለዋል፤ ቄስ አምጥተው አስገዝተውታል፤ ዕዳውን ከፍለውለታል። በመጨረሻ ከቤት አስወጡት።

ከከተማው በታች፣ ከሆቴሎቹ ሥር፣ የጎርፍ ማስወረጃ ቦዮች አሉ፤ ሰው ቆሞ የሚሄድባቸው ሰፋፊ የኮንክሪት ዋሻዎች። የከሰሩ ሰዎች አልጋና ወንበር አስገብተው ይኖሩባቸዋል። ባላቸውም እዚያ ገባ። እሳቸው ካርታ የሚያድሉበት አዳራሽ ከላይ፣ እሱ ከታች። በረሃው ላይ ዝናብ ከስንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ግን ጊዜ አይሰጥም። በአንድ የበጋ ዝናብ ውሃው ጠርጎ አወጣው። ሬሳውን ለይተው፣ በዚያው ቀን ማታ ሥራ ገቡ።

ለምን እንደገቡ ጠየቅኋቸው። ተራዬ ነበር አሉኝ። ከዚያ ቢላቸውን አንሥተው ዳቦው ላይ ቅቤ ቀቡ።

ወንድሜና ሚስቱ በዚያው ወር ተለያዩ። እሱ እዚያው ቮርቢ ጎርድ ከአንድ ሽማግሌ ቤት አንድ ክፍል ተከራየ። እሷ የበሩን ቁልፍ አስቀየረች። ኮሙኑ ጋ፣ የአካባቢው አስተዳደር ቢሮ፣ ሄዶ እርዳታ ጠየቀ፤ በየሳምንቱ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ክብ ሠርተው የሚቀመጡበት ቦታ መደቡት። በሕግ ራሱን ከቁማር ሁሉ አሳገደ። የተወው በሽምብራው ነው ወይ ያሉት ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን በክቡ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጡ አንዲት ስዊድናዊት ጡረተኛ ናቸው ያዳኑኝ ነው የሚለው። ሴትዮዋ የልጃቸውን ቤት በቁማር የበሉ ናቸው፤ ልጃቸው ዛሬም አያነጋግራቸውም። እሳቸው ይህን በየሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ቃል፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ይናገራሉ፤ ወንድሜም በየሳምንቱ ይሰማል።

አክስታችን በሚያዝያ ሄዱ። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። የሚቀሩ መስሎኝ ነበር፤ ጡረታቸው ደርሷል፣ እዚያ ዘመድ የላቸውም፤ ቢሆን ፈቃዱን እንሞክር፣ እኔ ጋ ይኑሩ አልኳቸው። ሱቁ በጊዜ የሚዘጋበት አገር አይሆንልኝም አሉ። እዚያስ ማን አለዎት ስላቸው፣ ማንም የለኝም፤ ደህና ነሽ ወይ የሚለኝም የለም፤ እሱ ነው የሚሻለኝ አሉኝ። ጉንጬን ሳሙኝና ወደ ፍተሻው ገቡ። ዞረው አላዩም።

ከዓመት በኋላ ወንድሜ ለአክስታችን እንድደውልለት ጠየቀኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን እኔ ቤት ነው የሚያገኛቸው፤ የእሱ ክፍል ትጠባለች። ያን ቀን ልጆቹ ውጭ ነበሩ። ደወልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። ወንድሜ ቆሞ ነው የተናገረው፤ ዓመት ሙሉ እንዳልተጫወተ፣ በመርከቡ ጊዜ እንደጠላቸው፣ አሁን ግን ሊያመሰግናቸው እንደሚፈልግ። ቃሉን ተዘጋጅቶበት እንደነበር ያስታውቃል። አክስታችን እስኪጨርስ ጠበቁ።

«አታመስግነኝ፣ ልጄ። ላድንህ ብዬ አይደለም። ትተዋለህ ብዬ አስቤም አላውቅም። ያን ሰውዬ፣ ባሌን፣ አንድ ቀን ፊቱን እያየሁ ላጫውተው ፈልጌ ነበር፤ አልተፈቀደልኝም። አንተን አገኘሁ።»

የባላቸውን ታሪክ ቀደም ብዬ ነግሬው ነበር፤ ወንድሜ እሺ እትዬ አለ። ስለ ጤናቸው ጠየቃቸው፤ ጉልበቴን ያመኛል አሉት። ስለ አየሩ ጠየቃቸው፤ ሙቀት ነው አሉት። ተሰነባብተው ዘጋው። እሱ ግን እንደፈራሁት አልሆነም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ቢያንስ አልዋሹኝም አለ።

ልጆቹ ሲመለሱ ብስኩት አቀረብኩላቸው። ወንድሜ ከመደርደሪያዬ ላይ የሰሌዳ ጨዋታ አውርዶ እንጫወት አላቸው፤ ነጥብ ያለበት ዳይ የሚጣልበት፣ የሕፃናት ጨዋታ። ትንሿ እኔን አየች። ትልቋ በስዊድንኛ፣ በትሕትና፣ አይ አመሰግናለሁ አለችው። መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ሦስቱም ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እናታቸው መጥታ እስክትወስዳቸው ድረስ ቴሌቪዥን አዩ።